ክንፍ ያለው

ሰዓሊዋ ፊት ስትሥል ከአፍንጫ ነው የምትጀምረው። አፍንጫው ከተያዘ ሌላው ተጎትቶ ይመጣል ባይ ናት። የዚህን ሰውዬ አፍንጫ ግን ፍለጋ መሄድ አላስፈለጋትም። ከመንገዱ ማዶ፣ ፎቶ ቤቱ ደጃፍ ላይ ጠዋት ማታ ተገትሮ ይታያታል። የሥራ ጠረጴዛዋ ያለው መስኮቱ ሥር ነው። ቀና ስትል እሱ፣ ስትጎነበስ ቀለሙ።

ሰውዬው ፎቶ አንሺ ነው፤ ሰፈሩ «ፈገግ በሉ» ይለዋል። ሙሽራ ሲመጣ ፈገግ በሉ፣ ለመታወቂያ ሲመጣ ፈገግ በሉ። የሟች አባቱን ፎቶ ሊያሳድግ የመጣ ሐዘንተኛ ሳይቀር ፈገግ በሉ ተብሎ ሊደባደብ ደርሶ ነበር ይባላል። መልከ መልካም ነው። ይህን ሰዓሊዋም አትክድም፤ ሥራዋ ማየት ነው።

ፈገግ በሉ የታናሽ እህቷ እጮኛ ነበር። ታናሺቱ የሙሽራ ልብስ ሰፊ ናት፤ የራሷን ዓይነ ርግብ ሳይቀር ሰፍታ ጨርሳ ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሰውዬው ደረጃውን ወጥቶ መጣ። ኮቱን ሳያወልቅ ወንበሩ ጠርዝ ላይ ቁጢጥ አለ። ክፍሉ በመጋረጃ የተከፈለ ነው፤ ሰዓሊዋ ከወዲያኛው በኩል ብሩሽ ታጥብ ነበርና ሁሉንም ሰማች።

«አንቺ እኮ መልአክ ነሽ» አላት ታናሺቱን። «እኔ አልመጥንሽም።»

ከዚያ ተነሥቶ ሄደ። ደረጃውን ሲወርድ ያፏጭ ነበር።

ሰው ይፋቀራል፣ ይለያያል፤ ይህ ለሰዓሊዋ አዲስ ነገር አይደለም። ብዙም ሳይቆይ ፎቶ ቤቱ ያለበትን ሕንፃ ባለቤት ልጅ ማግባቱንም እንበል ትተወው ነበር። የሚስቱን የሠርግ ፎቶ የታናሺቱ ፎቶ በነበረበት በዚያው ክፈፍ ከትቶ ደጃፉ መስታወት ውስጥ መስቀሉንም ቢሆን ጥርሷን ነክሳ ታልፈው ይሆናል። ያቺን ፉጨት ግን መዋጥ አቃታት። ጉሮሮዋ ላይ ቀረች።

ታናሺቱ ከዚያ ቀን ወዲህ የስፌት መኪናዋን በጨርቅ ሸፍና ሶፋ ላይ ተጋደመች። ከቤት አትወጣም። ሥራዋ ማንበብ ሆነ፤ ያውም አንድ ዓይነት መጽሐፍ፣ መልአክና ሰይጣን የሚፋቀሩበት። ሰዓሊዋ ከመንገዱ ጥግ ካለው መጽሐፍ ቤት እየተከራየች ታመጣላታለች።

«ነይ ብዪ እንጂ፣ ቀዘቀዘ እኮ።»

«ቆይ እትዬ፣ ሊስማት ነው።»

«ትናንትም ሊስማት ነበር።»

«የትናንቱ ሌላ ሰይጣን ነው።»

ሰዓሊዋ እንዲህ ያለውን መጽሐፍ ገልጣ አታውቅም። ሽፋኑን ትሥላለች እንጂ ውስጡ ምን እንደሚደረግ ጉዳይዋ አልነበረም። መልአክ በሚባል ቃል የተገደለች ልጅ የመልአክ ታሪክ እንዴት እንደሚጥማት ግን አይገባትም። ቀና ትላለች፣ ሰውዬው ማዶ ቆሞ ጸጉሩን ያበጥራል። ዞር ትላለች፣ እህቷ ሶፋው ላይ ግንድ ይመስል ተጋድማለች። ስለዚህ በልቧ ማለች። ይህን ፊት የሚያየው ሰው ሁሉ ፊቱን እስኪያዞርበት ድረስ አትተኛለትም። ያን ቀን እህቷም ከሶፋው ትነሣ ይሆናል።

ምቹ ቀኑ ራሱ ደረጃ ወጥቶ መጣላት።

የመጽሐፍ ቤቱ ባለቤት ደራሲም ነው። ባንኮኒው ጀርባ ተቀምጦ ይጽፋል፣ ራሱ ያሳትማል፣ ራሱ ይሸጣል። መጽሐፍ የምትመልስለትን ሴት ሁሉ «ምኑን ወደድሽው? ቀጥሎስ ምን ይሁን?» እያለ ነው የሚጽፈው። ደረጃ ሲወጣ ትንፋሹ ስለሚቆረጥበት ንግግሩም ቁርጥራጭ ነው።

«አዲስ መጽሐፍ» አለ በሩን ተደግፎ። «መልአኳ... ከሰማይ ናት። እሱ ሰይጣን። ሽፋኑ ላይ እሱን ብቻ። ክንፍ ያለው አድርጊልኝ።»

«ክንፍ ያለው?»

«ክንፍ ያለው። ካልሆነ ማን ይገዛኛል?»

«ምን ያህል?»

«ልክ የሌለው! አንባቢዎቼ ከሩቅ አይተው... ልባቸው ቀጥ እንዲል።»

«ይሁን ጋሼ» አለች። «ፊቱንስ?»

«ፊቱን ላንቺ ትቻለሁ።»

ፊቱን ላንቺ ትቻለሁ! ሰዓሊዋ ደስታዋን ለመደበቅ ጀርባዋን ሰጥታ ቀለም ማማሰል ጀመረች።

ሥራውን እንዲህ ወዳ ሠርታ አታውቅም። አፍንጫው ለእጇ አዲስ አልነበረም። ከንፈሩ፣ ቅንድቡ፣ ጆሮው በየተራ ተከተለ። ከግራ መንጋጋው ሥር ጥቁር ነጥብ አለችው። በሰቀላቸው የራሱ ፎቶዎች ሁሉ ላይ አጥፍቷታል፤ ባለሙያ ነው፣ ያውቅበታል። ሰዓሊዋ እዚያው ቦታዋ ላይ መለሰቻት። ያስቸገራት ዓይኑ ነው። ዓይን በጨረፍታ አይሣልም።

ጠዋት ፎቶ ቤቱን ሲከፍት ደጃፉ መስታወት ፊት ቆሞ ማበጠሪያ ያወጣል። መስታወቱ ውስጥ የሚስቱ ፎቶ ተሰቅሏል፤ እሱ ግን የሚያየው እሷን አይደለም። መስታወቱ የመለሰለትን የራሱን መልክ ነው። ያኔ ዓይኑ ይለሰልሳል፣ ይቀልጣል፣ ሊያለቅስ ምንም አይቀረው። ሰዓሊዋ ከላይ ሆና አየችው። ከሰውነቱ ሁሉ እንደዚህ አስቀያሚ ነገር የለውም ስትል አሰበች። እንዳለ ሣለችው።

ከዚያ ክንፉን ቀጠለች። ጥቁር፣ ሰፊ፣ ከሸራው ጫፍ እስከ ጫፍ።

ደራሲው ሸራውን ሲያይ ሣቅ አፈነው።

«ምንድነው ይሄ ሁሉ ላባ?»

«ክንፍ ያለው አላልከኝም?»

«እኔ እኮ ክንፍ ያለው ስልሽ... በፍቅር! በፍቅር ክንፍ ያለው! ያበደላት! አንቺ አሞራ አድርገሽልኝ ቁጭ አልሽ!»

ሶፋው ላይ ያለችው ታናሺቱ መጽሐፉን ፊቷ ላይ ደፋችው። ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። ማልቀሷ ይሁን መሣቋ ከወዲህ አይታወቅም።

«ታዲያ ጋሼ፣ በግልጽ አትናገርም?» አለች ሰዓሊዋ ጆሮዋ ድረስ ቀልታ። «ላጥፋው?»

ደራሲው ወደ ሸራው ተጠግቶ ዓይኑን ያያል።

«ቆይ... ተይው» አለ። «ክንፉም ይኑር። ይሄ ሰው ራሱ ክንፍ ብሏል። ዓይኑን ከየት አመጣሽው?»

«ከመንገድ።»

«እንዲህ የሚያያት ሴት... ታድላለች።»

ሰዓሊዋ በመስኮቱ ወደ ፎቶ ቤቱ መስታወት አየች።

መጽሐፉ ወጣ። ሰዓሊዋ ወንበሯን መስኮቱ ጋ አስጠግታ ውርደቱን ለማየት ተቀመጠች። ብዙም አልጠበቀች። መጽሐፉን የያዙ ልጃገረዶች ፎቶ ቤቱ ደጃፍ ቆመው አንዴ ሽፋኑን አንዴ ሰውዬውን ያያሉ፣ ይጠቋቆማሉ። «አሁን!» አለች ሰዓሊዋ። ፈገግ በሉ ወጣ። ልጃገረዶቹ ጮኹ። ጩኸቱ ግን እሷ ያሰበችው ዓይነት አልነበረም። አንዷ መጽሐፉን ገልጣ እንዲፈርምላት ሰጠችው።

እሱ መጀመሪያ ግራ ተጋባ። ቀጥሎ ሽፋኑን አየ፤ ፊቱን አገኘው። ከዚያ ነገሩ ሁሉ ገባው።

ከዚያ በኋላ መንገዱ የእሱ ሆነ። ሽፋኑን አሳድጎ ደጃፉ ላይ ሰቀለ። ጥቁር ክንፍ አሠርቶ ትከሻው ላይ አሰረ። «ከሰይጣኑ ጋር ፎቶ ይነሡ» ብሎ ጻፈ። ሴቱ ተሰለፈለት፤ ወጣቷም፣ ባለትዳሯም፣ ልጇን ያዘለችውም። የመንጋጋውን ነጥብ ሲያጠፋት የኖረ ሰው አሁን ጠዋት ጠዋት በእርሳስ ያደምቃት ጀመር። ሰዓሊዋን መስኮት ላይ ባየ ቁጥር እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ ይላል።

«እትዬ! እግዜር ይስጥልኝ! ከሰው ቆጠርሽኝ እኮ!»

ሰዓሊዋ መስኮቱን በኃይል ዘጋችው። ብርጭቆው ውስጥ የነበረው የብሩሽ ውኃ ተደፋ። ወደ እህቷ ዞረች። ታናሺቱ ያንኑ መጽሐፍ ይዛ ተጋድማለች፤ የዚያ ሰውዬ ፊት ሆዷ ላይ ነው።

«አንቺም?» አለቻት። «አንቺም ከነሱ ጋር?»

«ታሪኩ ደስ ይላል እትዬ።»

«ፊቱን አላወቅሽውም?»

«ገና ሳትጨርሺው ነው ያወቅሁት። እንዴት አላውቀው?»

«ታዲያ እንዴት አስቻለሽ? እኔ ሰው እንዲጸየፈው ሰይጣን ባደርገው ጭራሽ ሙሽራ ሆነላቸው! ሰይጣን አይደለም እንዴ? ምን ፈልጋችሁ ነው የምታነቡት፣ እስቲ ንገሪኝ?»

ታናሺቱ መጽሐፉን ዘጋችው። ቀስ ብላ ተነሥታ ተቀመጠች።

«ሰይጣን ስለሆነማ ነው» አለች። «ማንም ከሱ ደግ ነገር አይጠብቅም። ስሙ የጠፋ ነው። ያ ሰው ለአንዲት ሴት ብሎ ቤቱን ትቶ ይወጣል። ክንፉ ይቃጠላል፣ አይመለስም። እንደማይመጥናት ያውቃል፣ ከማንም ይልቅ እሱ ያውቃል። ግን አልመጥንም ብሎ አይቀርም፤ ይመጣል። ሌላ ምን እንፈልጋለን ብለሽ ነው? እንዲመጣ ነው የምንፈልገው።»

ሰዓሊዋ የተደፋውን ውኃ በጨርቅ አበሰች።

«ወንድ መልአክ የለበትም?» አለች ቆይታ።

«አለ እንጂ። እጮኛዋ ነው። የሰማይ በር ጠባቂ። ጸጉሩ የተበጠረ፣ ልብሱ የተተኮሰ። እሱ ያለበትን ገጽ ሁላችንም ዘለን ነው የምናልፈው።»

«ትጠሉታላችሁ?»

«ለምን ብለን? ዳቦ የተጠቀለለበት ወረቀት ትጠያለሽ?»

«እንዲጠላ ምን ማድረግ አለበት?»

ታናሺቱ አልቸኮለችም። የተሸፈነውን የስፌት መኪናዋን አየች።

«ጥሏት ሲሄድ» አለች፣ «ለሷ ሲል የሄደ መምሰል አለበት።»

እህትማማቾቹ ተያዩ። ታናሺቱ መጀመሪያ ፈገግ አለች፤ ከዚያ ግን ዓይኗን አጥብባ ታላቋን ትመረምር ጀመር።

«ግን እትዬ፣ ያችን የመንጋጋውን ነጥብ እኔ አላውቃትም ነበር። እጮኛው ሆኜ! አንቺ መቼ አየሻት?»

«በመስኮት።»

«በመስኮት! ቅንድቡ ላይ የጎደለችውንም ጸጉር በመስኮት? ይህን ሁሉ ጊዜ ሌላ ሥራ አልነበረሽም ማለት ነው። ደራሲው ተሳስቷል፤ ክንፍ ያልሽስ አንቺ ነሽ።»

«ዝም በይ! በጥላቻ ነው ያየሁት።»

«ማየቱ ያው ማየት ነው» አለችና ጫማዋን ፍለጋ ከሶፋው ሥር ገባች። አቧራ ለብሶ ነበር፤ በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችው። «ነይ፣ እንሂድ።»

«ወዴት?»

«ጋሼ ጋ። ቀጥሎ ምን ይሁን እያለ አይደል የሚጠይቀው? እኔን እስካሁን አልጠየቀኝም።»

መንገዱን ሲሻገሩ ፈገግ በሉ አያቸው። ክንፉን አስሮ፣ አንዲት ልጅ አቅፎ፣ ፎቶ ሊነሣ ነበር። ልጅቷን ለቀቅ አደረገ።

«መልአኬ! ደኅና ነሽ? ጠፋሽ እኮ!» አለ ጮክ ብሎ፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ።

ታናሺቱ አላየችውም። የሰዓሊዋን ክንድ የያዙት ጣቶቿ ግን ሥጋዋ ውስጥ ገቡ። ሰዓሊዋ ሕመሙን ወደደችው።

ደራሲው ባንኮኒው ጀርባ ሁለተኛውን መጽሐፍ ይጽፍ ነበር። ታናሺቱ ሰላምታውን አላስረዘመችም።

«ጋሼ፣ ሰይጣኑ ሰማይ ለመግባት ምን ይከፍላል?»

«እሱን ገና... እያሰብኩ ነው።»

«ፊቱን ይክፈል። የሰማዩ በር ጠባቂ ፊቱን ተቀብሎ ያሳልፈው። ሰይጣኑ ፊት አልባ ሆኖ ይግባ። ጠባቂው ደግሞ ያን ፊት ይልበስ። አንባቢው ሁሉ ያበደለትን ፊት።»

የደራሲው እስክሪብቶ ቆመ።

«እና መልአኳ ያንን ፊት አይታ እሱ መስሏት...»

«ትሮጣለች። ‹መጣህልኝ?› ትለዋለች። ሰማያውያኑ ሁሉ ሰይጣን ወደደች ብለው ሊወጓት የተሰበሰቡበት ጊዜ ነው፤ አብረኸኝ ቁም ትለዋለች። እሱ ኮቱን ሳያወልቅ...»

«መልአክ ኮት አይለብስም።»

«ክንፉን ሳያጥፍ እሺ። ወንበር ጠርዝ ላይ ቁጢጥ ብሎ ‹አንቺ እኮ መልአክ ነሽ፤ እኔ አልመጥንሽም› ይላታል።»

ደራሲው መነጽሩን አወለቀ።

«እንዴት ያለ ነገር ነው! እሱም እኮ መልአክ ነው። መልአክ መልአክን... መልአክ ነሽ ብሎ ይተዋል እንዴ? ምን ማለት ነው?»

«ምንም ማለት አይደለም» አለች ታናሺቱ። ድምፅዋ ቀጥ ያለ ነበር። «እሱን ነው የምልህ። ምንም ማለት አይደለም።»

ደራሲው ልጅቷን አያት፣ ታላቋን አያት፣ በመጽሐፍ ቤቱ በር ወደ ፎቶ ቤቱ አሻግሮ አየ። ሰውዬው ክንፉን እያራገፈ ይሥቅ ነበር። ደራሲው ብዙ አንባቢ ያዳመጠ ሰው ነው፤ አንድም ነገር አልጠየቀም። መጻፍ ጀመረ።

«ጋሼ» አለች ሰዓሊዋ፣ በሩ ጋ ከደረሱ በኋላ ተመልሳ። «ደረጃውን ሲወርድ ያፏጭ።»

«ሰማይ ላይ ደረጃ...»

«ይኑር! ፉጨቷን ብቻ እንዳትተዋት።»

ሁለተኛውን ሽፋን ለመሣል ወደ መስኮቱ ቀና ማለት አላስፈለጋትም። እጇ ፊቱን ያውቀዋል። ነጭ ክንፍ፣ የተበጠረ ጸጉር፣ ዝነኛዋ ጥቁር ነጥብ። ከኋላው፣ ከበሩ ውጭ፣ ጀርባውን የሰጠ አንድ የተቃጠለ ሰው። ዓይኑ ላይ ስትደርስ ቆመች።

«ያን ቀን ዓይኑ እንዴት ነበር?» ስትል ጠየቀች።

ታናሺቱ ከመኪናዋ ላይ ጨርቁን አንሥታ ዘይት ታጠጣዋለች።

«እኔን አላየኝም። በሩን ነበር የሚያየው።»

ሰዓሊዋ ዓይኖቹን ወደ ሸራው ጠርዝ አዞረቻቸው። ከሥዕሉ ሹልክ ብሎ ሊወጣ ያሰበ ሰው መሰለ።

ፈገግ በሉ መጽሐፍ አያነብም። አዲሱ ሽፋን ሲወጣ ግን ከአንባቢዎቹ ሁሉ ቀድሞ አየው። «አሁን ደግሞ መልአክ አደረጉኝ!» ብሎ አሳድጎ ሰቀለው። ጥቁሩን ክንፍ ጥሎ ነጭ አሠራ። ነጩን አስሮ ደጃፉ ላይ ቆመ። ሁለቱ እህትማማቾች መስኮቱ ጋ ጎን ለጎን ተቀመጡ።

ሴቶቹ መጽሐፉን እየገዙ ሄዱ። ለጊዜው ምንም የለም። አንብበው እስኪጨርሱ ነው። ከዚያ አንዲት ነርስ፣ የሥራ ልብሷን ሳትቀይር፣ መጽሐፉን ብብቷ ሥር ይዛ መጣች። ፊቱ ቆመች። ከላይ እስከ ታች አየችው። ከንፈሯን አሹላ አፏጨችበት፤ ረጋ ብላ፣ ደረጃ እንደሚወርድ ሰው። ጥላው ሄደች።

ፈገግ በሉ አድናቆት መስሎት ጎንበስ አለላት።

ማግስቱን ሁለት ተማሪዎች አፏጩበት። ከዚያ አውቶቡስ የሚጠብቁት ሴቶች። ከዚያ ልብስ አስጪዋ ከሰገነት ላይ። ወንዶቹ ነገሩ ሳይገባቸው አብረው ማፏጨት ጀመሩ። አንዲት ባልቴት ከልጅ ልጃቸው ጋር ሲያልፉ ቆም አሉና «አንተ ነህ ያን ፊት ይዘህ የካድካት?» አሉት።

«ማንን ነው እናቴ?»

«ማንን ይለኛል! ያቺን የመሰለች ልጅ! ደግሞ ክንፍህን አታጥፍም?»

ነገሩን ቀልድ አድርጎ ሊያልፈው ሞከረ፤ ፈገግ አለ። ግን ሙሽሮች ቀሩ። ሙሽራ የምታነሣው ሰበብ አይጠፋትም፤ «እሱ ካነሣኝ ሰውዬዬ ይቀርብኛል» የሚል ወሬ ተነሣ። ለመታወቂያ የሚነሡት ሳይቀሩ ሁለት መንገድ ተሻግረው ሌላ ጋ መሄድ ጀመሩ። ነጩን ክንፍ ፈታ፤ ፉጨቱ ግን አልፈታውም። ሽፋኑን ከደጃፉ አነሣ፤ ፊቱን ማንሣት አልቻለም።

አንድ ቀን ሚስቱ መጽሐፉን ይዛ ከላይ ወረደች። እህትማማቾቹ ከመስኮቱ አይሰሙም፤ ያያሉ ብቻ። ገጹን ገልጣ በጣቷ እያሳየችው ጠየቀችው። እሱ እጁን ያወናጭፋል። ደግማ ጠየቀችው። ወደ እነሱ መስኮት ቀና ብሎ አየ። ያቺ አስተያየት ለሚስትየው መልስ ሆነቻት። ደጃፉን መስታወት ከፈተች፣ የሠርግ ፎቶዋን ከክፈፉ አወጣች፣ ይዛው ወጣች። ክፈፉ ባዶውን ቀረ።

ሰዓሊዋ እጆቿን አፋተገች። ታናሺቱ ግን ተነሥታ ወደ ስፌቷ ተመለሰች፤ የሰው ዓይነ ርግብ ይዛ ነበር።

ፈገግ በሉ በማግስቱ ከሰዓት በኋላ መጣ። ደረጃውን ቀስ ብሎ ወጣ። ኮቱ ላይ አንዲት ነጭ ላባ ተጣብቃለች፤ አላያትም። ያው ወንበር፣ ያው ጠርዝ። ሰውዬው በቅርብ ሲታይ ከንፈሩ ደርቋል፣ ነጥቧ ላይ ያለው እርሳስ ተዥጎርጉሯል።

«እትዬ» አለ፣ ወደ ሰዓሊዋ። «ጥፋት አጥፍቻለሁ፣ እሺ። ከፍያለሁም። ሰው ሁሉ እያፏጨብኝ እንዴት ልኑር? ፊቴን መልሱልኝ።»

«ይዘኸው አይደል የመጣኸው?»

«አታሹፊብኝ። ሦስተኛ መጽሐፍ ይወጣል አሉ። አንዴ ብቻ፣ እንደ ድሮው...» ምራቁን ዋጠ። «እባክሽ፣ ሰይጣን አድርጊኝ።»

ሰዓሊዋ ይህችን ቃል ስንት ጊዜ ልትሰማት ተመኝታ እንደነበር አስባ ሣቋ መጣ። ግን መልሱ የእሷ እንዳልሆነ ገባት። ወደ እህቷ ዞረች።

ታናሺቱ መኪናዋ ላይ እንደተቀመጠች ነው። ስፒሎች በከንፈሮቿ ይዛለች። አንድ በአንድ አውጥታ ጨርቁ ላይ ሰካቻቸው። አልቸኮለችም። ሰውዬው እስክትጨርስ ጠበቀ፤ ዓይኑ እሷ ላይ ነበር፣ በሩ ላይ አልነበረም።

«አንተ እኮ መልአክ ነህ» አለችው። «እኛ አንመጥንህም።»

መኪናዋን ረገጠችው። ድምፁ ክፍሉን ሞላው።

ፈገግ በሉ ተነሣ። አንድ ነገር ሊል አፉን ከፈተ፣ መኪናው አላሰማውም። ወጣ። ሰዓሊዋ በሩ ጋ ሄዳ ጆሮዋን ጣለች። እግሩ ብቻ ነው የሚሰማው። ደረጃው እስኪያልቅ ድረስ እግሩ ብቻ። ጉሮሮዋ ላይ የኖረው ነገር ወረደላት።

«አላፏጨም» አለች ተመልሳ።

«እህ።»

«አልሰማሽኝም? አላፏጨም እኮ!»

«ሰማሁሽ እትዬ። ያንን ክር አቀብዪኝ።»

ሰዓሊዋ ክሩን አቀበለቻትና ወደ ጠረጴዛዋ ሄደች። ደራሲው ለሦስተኛው መጽሐፍ ለሰይጣኑ አዲስ ፊት ይፈልጋል፤ መልአኳ በጨለማ ዳስሳ የምትሠራለት ፊት ነው ብሏታል። እርሳሷን አነሣች። ከአፍንጫ ጀመረች። አፍንጫው ሌላውን ጎትቶ አመጣ፤ ከንፈሩን፣ መንጋጋውን። ራቅ ብላ አየችው። ያው ሰውዬ ነው። በላጲስ አጠፋችው። እንደገና ጀመረች። ያው ሰውዬ። ወረቀቱ እስኪሳሳ ድረስ አጠፋችና እንደገና ሣለች፤ እጇ ሌላ ሰው የሚያውቅ አልመሰለም።

«አሁንም እሱ ነው?» አለች ታናሺቱ ከመኪናዋ ቀና ሳትል።

ሰዓሊዋ ተነሥታ ጠረጴዛውን ከመስኮቱ ሥር መጎተት ጀመረች። ከባድ ነበር፤ እግሩ ወለሉን እየቧጠጠ ጮኸ። ታናሺቱ ስፌቷን አቁማ በወዲያኛው ጫፍ ያዘችላት። ጠረጴዛውን ከወዲያኛው ግድግዳ ጋ አስጠጉት። እዚያ ምንም የሚታይ የለም፤ ግድግዳ ነው።

ሰዓሊዋ አዲስ ወረቀት ዘረጋች። እርሳሷ አፍንጫው ከሚሆንበት ቦታ በላይ ቆይቶ፣ ቆይቶ፣ ወደ ጎን ሄደ። ከጆሮ ጀመረች።